የመስቀል ቤትና የመስቀል ማዕድ
(ስለ ቤት ማስጌጥና ስለ ጤናማ ምግብ፥ በጉራጌ አገር በአንድ ቤት የተደረገ አጭር ጥናት)

በአገራችን የመስከረም ወር የክረምት መውጫና የአበባ መግቢያ ነው። የአውሮፓ ሕዝቦች በዚሁ ወራት ቅጠል ሲረግፍና ብርድ ሲቃረብ ያያሉ፤ በእኛ ደጋና ወይና ደጋ ግን ዝናሙ ጋብ ሲል ሜዳው በዐደይ አበባ ቢጫ ይለብሳል፤ ጎመኑም በጓሮ ለምልሞ ይገኛል። ዋናው እህል ግን ገና አልታጨደም። ስለዚህ መስከረም ጎተራው የሚጎድልበት፥ ደስታው ግን የሚበዛበት ወር ነው። እንቍጣጣሽ መስከረም 1 ቀን፥ መስቀልም መስከረም 17 ቀን የሚከበሩት በዚህ ጊዜ ነው።

የመስቀልን በዓል ዩኔስኮ በ2006 ዓ.ም. ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር መዝግቦታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን የበዓሉን ታሪክ መተረክ አይደለም። እኛ ሦስት ተማሪዎች በ2017 ዓ.ም. በእንድብር አካባቢ በአንድ ገበሬ ቤት አምስት ቀን ተቀምጠን፥ ቤቱ እንዴት እንደሚያጌጥና ማዕዱ እንዴት እንደሚሰናዳ ተመልክተናል። ያየነውም ይህ ነው፤ ልማዱ በራሱ ብዙ የጤና ጥበብ አለው፤ ጥቂት ጉድለትም አለው፤ ጉድለቱንም በዓሉን ሳያጎድሉ ማረም ይቻላል። በአንድ ቤት የታየው ነገር ስለ ጉራጌ ሕዝብ ሁሉ እንደማይመሰክር አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

1. ስለ ቤቱ ማስጌጥ

የመስቀል ዝግጅት የሚጀመረው በመስከረም አይደለም። ወንዶቹ ለበሬው መግዣ ቀደም ብለው ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶቹም በቅቤ ዕቁብ ተባብረው ለበዓሉ የሚሆነውን ቅቤ ያኖራሉ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወንዶቹ እንጨት ፈልጠው ይከምራሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ ቤቱን ያድሳሉ።

ባረፍንበት ቤት የቤቱ እመቤትና ሁለት ሴት ልጆቻቸው በክረምት ጢስ የጠቆረውን ግድግዳ መጀመሪያ ጠረጉ፤ ቀጥለው የተሰነጠቀውን በጭቃና በእበት መረጉ፤ በመጨረሻም ነጭና ቀይ አፈር በውሃ በጥብጠው ቀቡት። ጣባውና የእንጨቱ ዕቃ ሁሉ ታጥቦ በግድግዳው ላይ በተራ ተሰቀለ። ጀፎረው፥ ማለት በመንደሩ ቤቶች መካከል ያለው ሰፊ የሣር መንገድ፥ ተጠረገ። በዋዜማው ለምለም ሣር በቤቱ ውስጥ ተጐዘጐዘ፤ ዐደይ አበባም በበሩ መቃንና በምሰሶው ላይ ታሰረ።

ይህን ሁሉ ጌጥ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። ምርጊቱ ተባይ የሚሸሸግበትን ስንጥቅ ይደፍናል፤ ጥላሸቱ ይወገዳል፤ ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ያልወረደው ዕቃ ሳይቀር ይታጠባል። ሌላ ሰው የጤና ዘመቻ ብሎ የሚጠራውን ሥራ እነዚህ ሴቶች የመስቀል ማሳመሪያ ይሉታል፤ ማንም ሳያዝዛቸውም በየዓመቱ ይፈጽሙታል።

ሆኖም ሦስት ነገር አስተውለናል። አንደኛ፥ በበዓሉ ቀናት እሳቱ ከጧት እስከ ማታ በቤቱ ውስጥ ስለሚነድ ጢሱ ይበዛል። የእንጨት ጢስ ዓይንን ከማስለቀሱ በላይ ሳንባን የሚጎዳ ነው፤ ይልቁንም ከእሳቱ አጠገብ የሚውሉትን እናቶችና ሕፃናት ያገኛቸዋል። በሩን ከፍቶ መተው፥ ከተቻለም ለበዓሉ የሚበዛውን ማብሰል ወደ ውጭ ወይም ወደ ማድ ቤት ማውጣት ይጠቅማል። ሁለተኛ፥ የተጐዘጐዘው ሣር ምግብና መጠጥ እየፈሰሰበት ብዙ ቀን ሲቆይ ይበሰብሳል፤ ዝንብም ይሰበስባል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መለወጥ አለበት። ሦስተኛ፥ ልጆች ዐደይ አበባን ከነሥሩ ሲነቅሉ አይተናል። ይህ አበባ ለከርሞ የሚበቅለው ከዘሩ ስለ ሆነ፥ አገዳውን በማጭድ መቍረጥና ከፊሉን ለዘር መተው ይገባል።

በከተማ በለምለሙ ሣር ፈንታ የፕላስቲክ ሣር የሚያነጥፉ ቤቶች አሉ። ይህ ሣር አይደርቅም፤ ግን አይሸትም፤ ሲያረጅም ወደ አፈር አይመለስም።

2. ስለ ጎመኑ፥ ስለ አይቡና ስለ ቆጮው

አባቶቻችን «ጎመን በጤና» ይላሉ። በተቀመጥንበት ቤት ከእርዱ ቀን በፊት በነበረው ምሽት የቀረበው የጎመን ክትፎ ነበር፤ ይኸውም ጎመኑ ተቀቅሎ፥ እጅግ ደቅቆ ተከትፎ፥ በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ፥ ከአይብና ከቆጮ ጋር በኮባ ቅጠል ላይ የሚበላ ነው። በማግሥቱም ሥጋው ሲመጣ ጎመኑና አይቡ ከማዕዱ አልተለዩም።

ይህ አቀራረብ በምግብ ሳይንስ ሲመረመር ምክንያት አለው። ከእንሰት የሚገኘው ቆጮ ኃይል የሚሰጥ ምግብ ነው፤ ገንቢው ንጥረ ነገር፥ ማለት ፕሮቲን፥ ግን በጣም ጥቂት ነው። ይህን ጉድለት አይቡና ሥጋው ይሞሉታል። በጎመን ውስጥ ብረት አለ፤ ነገር ግን በቅጠል ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ አይወስደውም። ሥጋ አብሮ ሲበላ፥ ወይም ቪታሚን ሲ ያለበት ምግብ ሲጨመር፥ ከጎመኑ የሚገኘው ብረት ይበረክታል። ደግሞም በጎመን ውስጥ ያለው ካሮቲን በሰውነት ውስጥ ወደ ቪታሚን ኤ የሚለወጥ ሲሆን፥ በደንብ እንዲሰርጽ ጥቂት ቅባት ይፈልጋል። ስለዚህ በጎመን ላይ ቅቤ ጠብ ማድረግ ቅንጦት አይደለም።

እዚህም ላይ ሁለት ማሻሻያ እናቀርባለን። የቤቱ እመቤት ጎመኑን ቈርጠው ካበቁ በኋላ አጠቡት፤ በብዙ ውሃም ለረጅም ጊዜ ቀቅለው ውሃውን ደፉት። ቪታሚን ሲ በውሃ የሚሟሟና በሙቀት የሚጠፋ ስለ ሆነ አብዛኛው ከውሃው ጋር ይሄዳል። ጎመኑን ሳይቈርጡ ማጠብ፥ በጥቂት ውሃ ከድኖ ለአጭር ጊዜ መቀቀል፥ ውሃውንም ለወጥ ማድረግ ይሻላል። ሁለተኛው የቅቤው መጠን ነው። ቅቤው በጭልፋ ሲፈስ አይተናል። ጥቂቱ የሚጠቅመውን ያህል ብዛቱ፥ በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋና የደም ግፊት ላለባቸው ሰዎች፥ ለልብና ለደም ሥር ጥሩ አይደለም። ቅቤው በማንኪያ ቢለካ ጣዕሙ አይቀርም።

3. ስለ ጥሬው ሥጋ

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ደርሰናል። በእርዱ ቀን ክትፎው ተሰናድቶ፥ ቅቤና ሚጥሚጣው ገብቶበት፥ በጣባ ሆኖ በፊታችን ቀረበ። እኛ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን የኮሶን ትል ሥዕል ከጥቍር ሰሌዳ ላይ ገልብጠን ነበር፤ ከእኛም አንዱ በልጅነቱ ኮሶ የጠጣ ነው። ስለዚህ እጃችን ዘገየ። የቤቱ እመቤት ይህን አይተው፦

«ልጆቼ፥ ጠግባችሁ ነው ወይስ ንቃችሁን ነው?» አሉን።

«እማማ፥ ኧረ አልናቅንም፤ ብቻ ቢበስልልን ደስ ብሎን እንበላለን» አልናቸው።

ታላቁ ልጃቸው «ክትፎ ከበሰለማ ምኑን ክትፎ ሆነ!» ብሎ ሳቀ። እኛም አፈርን፤ ዓመት ሙሉ ለተቈጠበ በሬ እንዲህ ያለ መልስ መስጠት ቀላል አይደለምና። አባወራው ግን «ምክንያቱን ንገሩን» ስላሉን፥ ያወቅነውን እንዲህ ብለን አስረዳን።

በሆዱ የኮሶ ትል ያለበት ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ የትሉ ዕንቍላል በሣር ላይ ይቀራል። በሬው ያን ሣር ሲግጥ ዕንቍላሉ በሆዱ ተፈልፍሎ በደሙ በኩል ወደ ሥጋው ይገባል፤ በዚያም እንደ ትንሽ ፊኛ ሆኖ ይቀመጣል። ሰው ያን ሥጋ በጥሬው ሲበላ ትሉ ከአንጀቱ ተጣብቆ ያድጋል፤ ሁለት ወይም ሦስት ወር ያህል ሲሆነውም ይጎለምሳል፤ ርዝመቱም ብዙ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ የትሉ መንገድ ከሰው ወደ ሣር፥ ከሣር ወደ በሬ፥ ከበሬ ተመልሶ ወደ ሰው ነው። ይህ ክብ በሁለት ቦታ ይቈረጣል፤ በመጸዳጃ ቤትና በምጣድ።

የትሉ ፊኛ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይሞታል። ነገር ግን ሥጋ ሲከተፍ በላዩ የነበሩት ባክቴሪያዎች በውስጡ ሁሉ ስለሚሠራጩ፥ የተከተፈ ሥጋ 71 ዲግሪ ቢደርስ ይመረጣል። ቴርሞሜትር በሌለበት ቤት ቅላቱ ከውስጥም ከውጭም እስኪጠፋ ማብሰል ነው። ለብለብ የሚባለው ላዩ ብቻ የሞቀ ከሆነ በቂ አይደለም። ሥጋውን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ 10 ቀን ማቆየት ትሉን ይገድላል፤ ባክቴሪያውን ግን አያጠፋም። ጥሬ ሥጋ የነካ ቢላዋና መክተፊያም ሳይታጠብ አይብ ወይም ጎመን ሊነካ አይገባም።

ይህን ስንናገር እመቤቲቱ ዝም ብለው ትንሹን ልጃቸውን ይመለከቱ ነበር። ልጁ በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ መድኃኒት ውጧል። ቀድሞ የኮሶ ዛፍ አበባ ይጠጣ ነበር፤ መጠኑ ካልታወቀ ግን ሰውን ይጎዳል፤ ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው መድኃኒት ይሻላል። ሆኖም መድኃኒቱ ያለውን ትል ያወጣል እንጂ የሚመጣውን አይከለክልም። እመቤቲቱ የእኛን ጣባ አንሥተው ወደ ምጣዱ ሄዱ፤ ጥቂት ቆይተውም «እንግዲያው የእሱም ይብሰል» አሉ። ልጁ ከእኛ ጋር በላ። ታላቁ ልጅ ጥሬውን በላ፤ አባወራውም ከሁለቱም ቀመሱ።

4. ማጠቃለያ

ከዚህ የተማርነው፥ ልማድ ሁሉ ጎጂ ነው ወይም ልማድ ሁሉ ጠቃሚ ነው ብሎ መፍረድ እንደማይገባ ነው። ምርጊቱ፥ ጉዝጓዙ፥ ጎመኑና አይቡ ከሊቅ ሳይማሩ የተገኙ መልካም ነገሮች ናቸው። ጢሱ፥ የቅቤው ብዛትና ጥሬው ሥጋ ደግሞ ሊታረሙ የሚችሉ ናቸው፤ ለማረምም የሚጠይቁት የተከፈተ በር፥ አንድ ማንኪያና ጥቂት እሳት ነው። ለመጸዳጃ ቤቱ ግን ጉልበት ያስፈልጋል፤ ለደመራው እንጨት የሚፈልጥ መንደር ጉድጓድ መቈፈር ያቅተዋል ብለን አናምንም።

ከሌሎች አውራጃዎች የመጡ ጓደኞቻችን በሚመጣው መስከረም በየቤታቸው የሚያዩትን ጽፈው ለዚህ መጽሔት ቢልኩ፥ የአንድ ቤት ጥናት የብዙ ቤት ጥናት ይሆናል። መምህራንም ስሕተታችንን ቢያርሙልን በታላቅ ምስጋና እንቀበላለን።