ትንሹ ፋይል ለምን ከበደ?
የቤት ኮምፒውተርን ለፊልምና ለቴሌቪዥን ስናዘጋጅ

በ2016 ዓ.ም. የትንሣኤ ማግስት ቤተሰባችን በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስቦ ነበር። ሊታይ የታሰበው የእኅታችን ልጅ የሠርግ ፊልም ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ በጉጉት ይጠብቁ የነበሩት በሕመም ምክንያት በሠርጉ ላይ ያልተገኙት እናታችን ነበሩ። ፊልሙን በፍላሽ አምጥተን፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር በኤችዲኤምአይ ገመድ ባገናኘነው አሮጌ ኮምፒውተር ከፈትነው። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ምስሉ ይቆራረጥ ጀመር፤ ከድምፁም ወደኋላ ቀረ። እልልታው አብቅቶ ሳለ ሴቶቹ ገና አፋቸውን ይከፍቱ ነበር። እናታችን ጥቂት ከታገሡ በኋላ፣ «ይቅር ልጆቼ፣ ሌላ ጊዜ አየዋለሁ» ብለው ተነሡ።

«ጋሼ፣ ራም ያንሰዋል» አለን የሙሽራዋ ታናሽ ወንድም። በማግስቱ ያማከርነው የኮምፒውተር ጠጋኝም ይህንኑ አጸናልን። ስለዚህ ራም ገዝተን ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት አሳደግነው። ፊልሙ ግን እንደ ቀድሞው ተቆራረጠ። ተማሪዎቻችንን «ከመደምደማችሁ በፊት ለኩ» እያልን ስናስተምር ኖረን፣ እኛው ሳንለካ መግዛታችን ዛሬም ያሳፍረናል።

ይባስ ብሎ አንድ እንቆቅልሽ ተጨመረ። ቀራጩ ያንኑ ፊልም በሌላ ቅጂ ሰጠን። የመጀመሪያው ቅጂ 3 ጊጋባይት፣ ሁለተኛው ደግሞ 6 ጊጋባይት ነበር። በመጠን እጥፍ የሆነው ፋይል በዚያው ኮምፒውተር ላይ ያለ አንዳች እንከን ታየ። ለመሆኑ ትንሹ ከብዶ ትልቁ የቀለለው ለምንድን ነው? መልሱ ኮምፒውተሩን ለፊልም የሚያዘጋጅ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ምን መመርመር እንዳለበት ያመለክተናል።

አንድ ፊልም ስንት ይመዝናል?

በስሌት እንጀምር። አንድ የፉል ኤችዲ ምስል በአግድም 1920፣ በቁም 1080፣ በድምሩ 2,073,600 ነጥቦች አሉት። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን አንዳንድ ባይት ብንመድብ፣ አንዱ ምስል 6.2 ሚሊዮን ባይት ያህል ይይዛል። በሰከንድ 25 ምስሎች ሲያልፉ በየሰከንዱ 155 ሚሊዮን ባይት ያስፈልጋል። የሁለት ሰዓት ፊልም 7,200 ሰከንድ ስለሆነ፣ ድምፁን ሳንጨምር 1,120 ጊጋባይት ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። እኛ በኪሳችን ይዘን የመጣነው ግን 3 ጊጋባይት ብቻ ነው። ከ370 እጅ 369ኙ የት ገባ?

የጎደለው ሁሉ የተወገደው በማመቅ ዘዴ ነው። ማመቅ በሦስት መሠረታዊ ሐሳቦች ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው የዓይናችን ጠባይ ነው። ዓይን ብርሃንና ጥላን ረቂቅ አድርጎ ሲለይ፣ ቀለምን ግን ያን ያህል አያጠራም። ስለዚህ የቀለሙ መረጃ ለአራት ነጥቦች በአንድነት ቢያዝ ልዩነቱ አይታወቀንም። በዚህ ብቻ ግማሹ ይቀነሳል።

ሁለተኛው በአንድ ምስል ውስጥ ያለው መመሳሰል ነው። ነጭ ግድግዳ ላይ አንዱ ነጥብ ከጎረቤቱ ብዙ አይለይም። የክራር ድምፅ የልዩ ልዩ ሞገዶች ድምር እንደሆነ ሁሉ፣ የምስል ቁራጭም የሞገዶች ድምር ተደርጎ ሊጻፍ ይችላል። ከሞገዶቹም ደካሞቹን መጣል ይቻላል። ለዚህ ዋነኛው መሣሪያ «ዲስክሪት ኮሳይን ትራንስፎርም» የተባለው ሒሳባዊ ዘዴ ሲሆን፣ ሐሳቡን ያፈለቀው ትውልደ ሕንዳዊው መሐንዲስ ናሲር አህመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ለምርምሩ ከአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ ጠይቆ ተከልክሏል። ሥራውን ግን አላቋረጠም፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ከናታራጃንና ከራኦ ጋር ውጤቱን አሳተመ። የምናነሣቸው የጄፔግ ፎቶግራፎች የሚታመቁት በዚሁ ዘዴ ነው፤ የምናያቸው ፊልሞችም በዚሁ ወይም ከዚሁ በተወለዱ ዘዴዎች።

ሦስተኛው በተከታታይ ምስሎች መካከል ያለው መመሳሰል ነው። ሙሽራዋ ስትራመድ ከኋላዋ ያለው ቤት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ቤቱን በየሰከንዱ 25 ጊዜ መጻፍ አያስፈልግም። ምን ወዴት እንደተንቀሳቀሰና ምን እንደተለወጠ መመዝገብ ይበቃል።

የድርቆሽ ሕግ

የታመቀ ፊልም እንደ ድርቆሽ ነው። ድርቆሽ ለመንገደኛ ቀላል ስንቅ ቢሆንም ለመብላት ውኃና እሳት ይፈልጋል። ኮምፒውተሩም የታመቀውን ፊልም በየሰከንዱ 25 ጊዜ ወደ ሙሉ ምስል መመለስ አለበት። ለአንዱ ምስል ያለው ጊዜ 40 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ካልጨረሰ ምስሉ ይዘገያል ወይም ይዘለላል።

ትልቁ ፋይላችን የታመቀው እ.ኤ.አ. በ2003 በጸደቀው ኤች.264 በተባለው ደረጃ ነበር። ትንሹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ኤች.265 የታመቀ ነው። አዲሱ ደረጃ ተቀራራቢ ጥራት በግማሽ ያህል መጠን ቢሰጥም፣ ሲፈታ የሚጠይቀው ስሌት ከቀድሞው ይበልጣል። እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ይፈታል፤ ትንሹ ፋይል ትንሽ የሆነው ብዙ ሥራ ለተመልካቹ ኮምፒውተር በመተዉ ነው።

ይህን ሥራ የሚያቀልል ዲኮደር የተባለ ልዩ ዑደት በፕሮሰሰሮች ወይም በግራፊክስ ካርዶች ውስጥ ይገኛል። ዲኮደር ከተሠራለት ደረጃ በስተቀር ሌላ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2012 የተሠራው ኮምፒውተራችን የኤች.264 ዲኮደር ሲኖረው የኤች.265 የለውም። ለኤች.265 የተሟላ ዲኮደር በኮምፒውተር ፕሮሰሰሮች ላይ መስፋፋት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ነው። ስለዚህ ትንሹን ፋይል የመፍታቱ ሸክም በሙሉ በደካማው ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር ላይ ወደቀ።

ከመግዛት በፊት መለካት

ይህን ሁሉ የሚያሳይ መለኪያ ከመጀመሪያው በእጃችን ነበር። ፊልሙ እየታየ ታስክ ማናጀርን ከፈትን። በትንሹ ፋይል ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ተይዞ፣ ራሙ ግን ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር። በትልቁ ፋይል ፕሮሰሰሩ ከ15 በመቶ አላለፈም። ፍላሹንም ብንጠረጥር ስሌቱ ነጻ ያወጣዋል። 3 ጊጋባይት በ7,200 ሰከንድ ሲከፈል በሰከንድ 3.3 ሜጋቢት ነው። የዩኤስቢ 2.0 የተመዘገበ ፍጥነት ደግሞ 480 ሜጋቢት ነው።

እንግዲህ ፊልም የሚቆራረጥበት አንባቢ በመጀመሪያ ቪኤልሲ በተባለው ነጻ ማጫወቻ ፋይሉ በየትኛው ደረጃ እንደታመቀ ይመልከት። ኮምፒውተሩ ለዚያ ደረጃ ዲኮደር ከሌለው፣ ሃንድብሬክ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ፋይሉን ወደ ኤች.264 መለወጥ ይችላል። ሥራው ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ቢችልም ወጪው የመብራት ብቻ ነው። አዲስ ኮምፒውተር የሚገዛም ከራሙ መጠን በፊት የዲኮደሩን ዓይነት ይጠይቅ። የሳተላይት ቴሌቪዥን በኮምፒውተሩ ለማየት የሚፈልግ ደግሞ የዲቪቢ-ኤስ2 መቀበያ ያስፈልገዋል። የዲሹ ገመድ ከመቀበያው ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ በኋላ ሥርጭቱም እንደ ፊልሙ ታምቆ የመጣ ስለሆነ በዚያው ዲኮደር ይፈታል።

አንድ ጉድለት ቀርቶን ነበር። ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር ምስሉ በጥቂቱ ይንገጫገጭ ነበር። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈት ሆኖ ሳለ ይህ ለምን ሆነ? ኮምፒውተሩ ለቴሌቪዥኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል ይልካል፤ ፊልሙ ግን 25 ምስሎች ብቻ አሉት። 60 ለ25 ሲካፈል 2.4 ስለሚሆን፣ አንዱ ምስል ሁለት ጊዜ፣ ሌላው ሦስት ጊዜ ይታያል፤ እርምጃውም ያነክሳል። በማሳያው ማስተካከያ 60 ኸርዝ የነበረውን 50 ስናደርገው እያንዳንዱ ምስል እኩል ሁለት ጊዜ ታየ፤ መንገጫገጩም ጠፋ። በሰከንድ 24 ምስሎች ላላቸው የሲኒማ ፊልሞች፣ ቴሌቪዥኑ ከተቀበለ፣ 24 ኸርዝ ይመረጣል።

«ቴሌቪዥኑስ 4ኬ ይሁን?» ለሚሉም መልሱ በዓይን ፊዚክስ ውስጥ አለ። ጤናማ ዓይን የሚለየው ትንሹ ማዕዘን አንድ የዲግሪ ስድሳኛ ገደማ ነው። ባለ 40 ኢንች የፉል ኤችዲ ቴሌቪዥን አንዱ ነጥብ 0.46 ሚሊሜትር ስፋት ስላለው፣ ከ1.6 ሜትር በላይ ርቆ የተቀመጠ ሰው ነጥቦቹን መለየት አይችልም። የእናታችን ወንበር 3 ሜትር ላይ ነው።

በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ እናታችንን በዚያው ወንበር አስቀመጥን። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ እልልታው ከሴቶቹ አፍ ጋር ገጠመ፤ እናታችንም ከወንበራቸው ሆነው እልል አሉ። የተጨመረው ራም ዛሬም በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ሥራ ተቀምጧል። «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለውን ብሂል ስለሚያስታውሰን አላወጣነውም።

ለአንባቢያን አንድ የቤት ሥራ እንተዋለን፦ ባለ 4ኬ ፊልም በአግድም 3840፣ በቁም 2160 ነጥቦች አሉት። ያልታመቀ የሁለት ሰዓት ፊልም ስንት ጊጋባይት ይሆናል? በቤታችሁ ካለው ቴሌቪዥንስ ምን ያህል ብትርቁ ልዩነቱ ይጠፋባችኋል? ሜትር ይዛችሁ ለኩ።