ጤፉን አንድ በአንድ ሳይስሉ

ጥቅምት ሲጋመስ፣ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ጤፍ ዘለላው ከብዶት መዘንበል ይጀምራል። ነፋስ ሲነካው አገዳው ሁሉ በየራሱ ጊዜ ጎንበስ ቀና ይላል፤ ዐይን የሚያየው ግን ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ አንድ ሞገድ ነው። ይህን ማሳ በአኒሜሽን ፊልም ሊያሳይ የተነሣ ባለሙያ በእጁ ልሣለው ቢል ዕድሜው አይበቃውም። አገዳው ስፍር ቁጥር የለውም፤ ለአንድ ሰከንድ ፊልም ደግሞ 24 ሥዕል ያስፈልጋል።

ስለዚህ ማሳውን መሣሉን ትቶ ማሳው የሚያድግበትንና የሚወዛወዝበትን ሕግ ይጽፋል። በሙያው ፕሮሲጀራል የሚባለው አሠራር ይህ ነው። የታወቁት መሣሪያዎች የካናዳው ሳይድ ኤፍ ኤክስ የሚያወጣው ሁዲኒ፣ ማያ በሚባለው ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ባይፍሮስት፣ እንዲሁም በነፃ የሚገኘው የብሌንደር ጂኦሜትሪ ኖድስ ናቸው። በሦስቱም የሚሠራው ኖድ የሚባሉ ትንንሽ ሳጥኖችን በመስመር በማያያዝ ነው። አንዱ ኖድ የድርሻውን ሠርቶ ውጤቱን ለሚቀጥለው ያስረክባል።

የጤፉን ማሳ እንሥራ። መጀመሪያ አንዲት አገዳ ከነዘለላዋ ትዘጋጃለች። አንድ ኖድ መሬቱ ላይ ነጥቦች ይበትናል፤ ሌላው በየነጥቡ ያችኑ አገዳ ይተክላል። እስካሁን የበቀለው ማሳ ሕይወት የለውም፤ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ቀጥ ያለ ነው። ቀጥሎ የሚገባው ኖድ ቁመቱን ያበላልጣል፣ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ ያዘነብላል። ከዚያ ኖይዝ የሚባለው ይመጣል፦ ከቦታ ቦታ ቀስ እያለ የሚጨምርና የሚቀንስ የቁጥር ካርታ ነው። ካርታው ማሳው ላይ ተዘርግቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲንሸራተት፣ ቁጥሩ ከፍ ያለበት ቦታ ያለው አገዳ ይጎነበሳል፤ ሲያልፈው ይቃናል። ነፋሱ ተነሣ ማለት ነው። ዳይሬክተሩ «ለአጨዳ የደረሰ ይሁን» ቢል የሚለወጠው ቀለሙንና ዝንባሌውን የሚወስኑት ጥቂት ቁጥሮች ናቸው። ኮምፒውተሩም አንዷን አገዳ ብቻ ይዞ እሷኑ ደጋግሞ ስለሚያሳይ፣ መካከለኛ ላፕቶፕ አይከብደውም።

ይህ ኖይዝ የመጣው ከቅሬታ ነው። ኬን ፐርሊን እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው «ትሮን» ፊልም ላይ ሲሠራ፣ ከኮምፒውተር የሚወጣው ሥዕል ከመጠን በላይ ንጹሕና ልሙጥ ሆነበት። ተፈጥሮን የሚመስል መዛነፍ የሚሰጥ ቀመር አበጀና በ1985 አሳተመው፤ በ1997 የአሜሪካው የፊልም አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት ሰጠው። ዛሬ ደመናም፣ እብነ በረድም፣ የተራራ ወገብም፣ የቆዳ ሸካራነትም ከዚሁ ቀመር ይወጣሉ።

ለእኔ የሙያው ውበት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ለአንድ ነገር የተጻፈ ሕግ ማንም ላላሰበው ነገር ሲውል። ዊልያም ሪቭስ ኋላ ፒክሳር በሆነው የሉካስፊልም የኮምፒውተር ክፍል ሳለ፣ ለ1982ቱ «ስታር ትሬክ 2» ፕላኔት የሚያዳርስ እሳት መሥራት ነበረበት። እሳቱን ከብዙ ሺህ ጥቃቅን ቅንጣቶች ሠራው። እያንዳንዷ ቅንጣት ትወለዳለች፣ ትወረወራለች፣ ትሞታለች። ታዲያ ቅንጣቷ ያለችበትን ነጥብ ብቻ ከማሳየት ይልቅ ከተወለደችበት እስከሞተችበት የሄደችበት መንገድ በሙሉ ቢሣልስ? ወደ ላይ ተወርውራ በክብደቷ የምትመለስ ቅንጣት መንገዷ የጎበጠ የሣር ቅጠል ሆነ። የእሳቱ ሕግ መስክ አበቀለ። እንዲህ ያለውን ዝላይ ሶፍትዌሩ አይሰጥም፤ የሚሰጠው ሣርን አስተውሎ ያየ ሰው ነው።

ክሬግ ሬይኖልድስ በ1987 ያሳተመው የመንጋ ሕግም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ወፍ ሦስት ነገር ብቻ ያከብራል፦ ጎረቤቱን አይገጭም፣ ጎረቤቶቹ ወደሚሄዱበት ይሄዳል፣ ከመንጋው አይርቅም። ግሪሳ ከማሽላ ላይ ሲነሣ ያየ ገበሬ የሚያውቀው መገለባበጥ ከእነዚህ ሦስቱ ይወጣል፤ መንጋውን የሚመራ አለቃ የለም። ሕጉ በ1992 «ባትማን ሪተርንስ» ላይ ለሌሊት ወፎችና ለፔንጉዊኖች ዋለ። ለጥምቀት ታቦት አጅቦ የሚወርድ ሕዝብ ለማሳየትም ይሆናል።

የአገራችን አኒሜሽን እስካሁን ጎልቶ የታየው በልጆች ትምህርት ነው። በብሩክታዊት ጥጋቡ የተመሠረተው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን በአሻንጉሊት ቀጭኔ፣ «ጥበብ ገርልስ»ን በሥዕል አኒሜሽን ሠርቷል። የፕሮሲጀራል ሥራ ለመጀመር ግን ከፍንዳታና ከሚፈርስ ፎቅ መነሣት አያስፈልግም። የመጾር መስቀል አለን። ክንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ መስቀል፣ በዚያም ጫፍ ላይ ሌላ ትንሽ መስቀል፤ አንድ ሕግ በራሱ ላይ እየተደገመ የሚያድግ ጥበብ ነው። አሜሪካዊው ሮን ኤግላሽ በ1999 ባሳተመው የአፍሪካ ፍራክታሎች መጽሐፉ የኢትዮጵያን መስቀሎች ያነሣው ለዚህ ነው። በብሌንደር ጥቂት ኖድ ይበቃዋል፣ ፈቃድ መግዛትም አይጠይቅም። በብሌንደር የተሠራው የላትቪያው «ፍሎው» በ2025 ምርጥ የአኒሜሽን ፊልም ተብሎ ኦስካር ወስዷል፤ ያውም አብዛኛው ክፍሉ ውኃ የሞላበት ፊልም።

ውኃ ከሁሉ ይከብዳል። ኮምፒውተሩ የውኃውን ፍጥነትና ግፊት በየቦታው ለእያንዳንዱ ሥዕል ያሰላል፣ ማስታወሻውም ቶሎ ይሞላል። ስሌቱ ትክክል መሆኑም ብቻውን አይበቃም። በ2016 በወጣው «ሞአና» ባሕሩ ራሱ ገጸ ባሕርይ ስለሆነ፣ ውኃው እንደ ውኃ ሲፈስ እንደ ሰው አንገቱን ማዘንበል ነበረበት፤ ስሌቱና የአኒሜተሩ እጅ አብረው ሠሩት።

ዓባይን መሥራት የሚሻ ሰው ሰከላ ላይ ግሽ ዓባይ ከረግረጉ ሥር የሚመነጨውን ውኃ ያለ ከባድ ስሌት ያሳየዋል፤ በዝግታ የሚንቀሳቀስ ኖይዝና የሚያብረቀርቅ ገጽ ይበቃዋል። ግልገል ዓባይ ጣና ገብቶ፣ ዓባይ ከባሕር ዳር ወጥቶ ጢስ እሳት ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ፏፏቴውን ትልቅ የሚያስመስለው ጊዜ ነው። 45 ሜትር ገደማ የሚወርድ ውኃ የአየሩ ተቃውሞ ሳይቆጠር መሬት እስኪደርስ 3 ሰከንድ፣ ማለትም 72 ሥዕል ይፈጅበታል። በ1 ሰከንድ ካወረዱት፣ የቱንም ያህል ጉም ቢጨምሩበት፣ ተመልካቹ የሚያየው 5 ሜትር የማትሞላ ፏፏቴ ነው።