ወደ ማረጥ በሚቃረቡ ዓመታት የሆርሞን ምርመራ ምን ይነግረናል?



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ሐኪሞች ዘወትር የሚጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው። ዕድሜዋ 47 ዓመት የሆነ፣ የወር አበባዋ የተዛባባትና ሌሊት በላብ ተጠምቃ የምትነቃ ሴት ወደ ማረጥ መቃረቧን ለማወቅ ሆርሞኗን መመርመር ይኖርባታልን? መልሴ በአብዛኛው አይኖርባትም የሚል ነው።

በአንጎል ሥር የምትገኘው ፒቱታሪ ዕጢ ኤፍኤስኤች የተባለውን ሆርሞን ታመነጫለች፤ ይህም በኦቫሪ ውስጥ ያሉትን የእንቁላል ከረጢቶች ያሳድጋል። ከረጢቶቹ በበኩላቸው ኢስትራዲዮልና ኢንሂቢን እያመነጩ ፒቱታሪን ይገቷታል። ዕድሜ ሲገፋ የከረጢቶቹ ቁጥር ይመነምናል፤ የሚገታት ሲያንስም ፒቱታሪ ኤፍኤስኤችን ታበዛለች። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ሂደቱ ግን ቀጥ ያለ አይደለም። በአንዱ ወር ከረጢቶቹ ዝም ይሉና ኤፍኤስኤች ሽቅብ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ወር አንዱ ያድግና ኢስትራዲዮል በወጣትነት ከነበረው መጠን እንኳ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የተቀዳ ደም የሚናገረው ስለ ዛሬ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው፣ «ስትሮ ፕላስ 10» የሚባለው የደረጃ አመዳደብ ቀዳሚውን ቦታ የሰጠው ለወር አበባ ዑደት ነው። በተከታታይ ዑደቶች ርዝመት መካከል የ7 ቀንና ከዚያ በላይ ልዩነት ሲደጋገም ሽግግሩ ጀምሯል፤ የወር አበባ ለ60 ቀንና ከዚያ በላይ ሲቀር ወደ ኋለኛው ምዕራፍ ተገብቷል። ማረጥ የሚረጋገጠው 12 ወር ሙሉ ከቀረ በኋላ ነው። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የቀን መቁጠሪያና እርሳስ ነው። (ወራችን 30 ቀን መሆኑ ለቆጠራው ይመቻል፤ ጳጉሜንን አለመርሳት ብቻ ነው።) የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስም እ.ኤ.አ. በ2015 ዕድሜያቸው ከ45 ዓመት በላይ በሆነ ሴቶች ማረጥን ለመለየት ኤፍኤስኤች እንዳይለካ መክሯል።

ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልተሟገትኩ ነበር። ኤፍኤስኤቿ ከፍ ብሎ ያየች ሴት «ከእንግዲህ አላረግዝም» ብላ መከላከያዋን ልትተው ትችላለች፤ በቀጣዩ ወር ግን እንቁላል ሊወጣ ይችላል። የተለመደው ምክር ከመጨረሻው የወር አበባ በኋላ፣ ከ50 ዓመት በላይ ለሆነች ለ1 ዓመት፣ ከዚያ በታች ለሆነች ለ2 ዓመት መከላከያ መጠቀም ነው። በሌላ በኩል ልኩ «ደኅና» የሆነላት ሴት ምንም የለብሽም ተብላ ከነሥቃይዋ ትሸኛለች፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። ጥምር የመከላከያ ክኒን ለምትወስድማ ኤፍኤስኤች በመድኃኒቱ ስለሚታፈን ልኬቱ ትርጉም የለውም። በአገራችን የተለመደው የሦስት ወር መርፌ ደግሞ የወር አበባን ሊያስቀር ስለሚችል ቆጠራውን ያዛባል።

መመርመር ካለበት አስቀድሞ እርግዝና፣ እንደ ሁኔታው የታይሮይድ ዕጢ፣ ደም በብዛት ለሚፈስሳትም የደም ማነስ ይመርመር።

ከ40 ዓመት በታች ሆና የወር አበባዋ ለወራት የተቋረጠባት ሴት ጉዳይ ግን ፍጹም ሌላ ነው። በእርሷ ኤፍኤስኤች መለካት አለበት፤ አጠራጣሪ ከሆነም ከሳምንታት በኋላ ይደገማል። ኢስትሮጅን ያለጊዜው መቋረጡ አጥንትንና ልብን ስለሚጎዳ፣ የሚከለክላት ምክንያት ከሌለ፣ ማረጥ በተፈጥሮ እስከሚደርስበት ዕድሜ ድረስ የሆርሞን ሕክምና ይሰጣታል። ከ40 እስከ 45 ባሉት ዓመታትም ምርመራው ሊታሰብ ይገባል።

ክትትልን በተመለከተ፣ በዕድሜዋ ያረጠች ሴት የሆርሞን ሕክምና ስትጀምር መጠኑ የሚስተካከለው በምልክቶቿና በጎንዮሽ ጉዳቱ እንጂ በየጊዜው በሚቀዳ ደም አይደለም፤ የምራቅ ምርመራማ ለዚህ አስተማማኝ አይደለም። 12 ወር ከሞላ በኋላ ሕክምናውን ሳትጀምር ደም ካየች ግን ጉዳዩ ከሆርሞን ልኬት ይወጣል፤ የማኅፀን ግድግዳ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል በአልትራሳውንድ፣ ካስፈለገም በናሙና፣ ሳይዘገይ መታየት አለበት።