የ500 ብሩ አንቀጽ

አንድ የስማዳ ገበሬ ለአበልጁ የበሬ መግዣ 20 ሺህ ብር አበደረ እንበል። ብሩ የተቆጠረው በገበያ ቀን፣ ሁለት ሽማግሌዎች እያዩ ነው። ወረቀት አልተጻፈም፤ አበልጅን "ፈርምልኝ" ማለት በአገሩ ነውር ነው። ዓመት ሲሞላ ተበዳሪው "አልወሰድሁም" አለ። አበዳሪው ሽማግሌዎቹን ምስክር ቆጥሮ ወገዳ ከሚገኘው የወረዳ ፍርድ ቤት ከሰሰ። እውነቱ ከእሱ ጋር ነው፤ ሆኖም ተሸንፎ ሊመለስ ይችላል።

ምክንያቱ የሕግ ሰዎች "የማስረዳት ሸክም" የሚሉት ነገር ነው። ዳኛው ብሩ ሲቆጠር ገበያ አልነበረም። የሁለቱንም ቃል ሰምቶ ነገሩ ሳይጠራለት ቢቀር እንኳ መፍረድ አለበት፤ "አላወቅሁም" ብሎ መዝገብ አይዘጋም። ነገሩ እንደጨለመ ሲቀር የሚሸነፈው ማን እንደሆነ የሚወስነው ሸክሙ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2001 መልሱን ሰጥቷል፦ ግዴታ አለብህ ባይ መኖሩን ያስረዳ፤ ግዴታው ቀርቷል ወይም ተለውጧል ባይም ይህንኑ ያስረዳ።

ስለዚህ ሸክሙ በአንድ ትከሻ ላይ ብቻ አይቀመጥም። ተበዳሪው "አልወሰድሁም" ካለ ልፋቱ የከሳሹ ነው። "ወስጃለሁ፣ ግን መልሻለሁ" ካለ ግን መበደሩን አምኗልና መክፈሉን የሚያስረዳው ራሱ ነው። በመልሱ ላይ የሰፈረች አንዲት ዐረፍተ ነገር ክርክሩን ትገለብጠዋለች። መልስ የሚያስጽፍ ሰው ይህችን ልብ ሊላት ይገባል።

የገበሬው ዋና ፈተና ደግሞ ቁጥር 2472 ነው። ብድሩ ከ500 ብር ከበለጠ ማስረዳት የሚቻለው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው። የሰው ምስክር አይበቃም። አከፋፈሉም እንደዚሁ ነው፤ ከ500 ብር በላይ መልሶ ደረሰኝ ያልተቀበለን ሰው ሽማግሌ አያድነውም። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ አነስተኛው የጎረቤት ብድር በምስክር ይረጋገጥ ነበር። ዛሬ 500 ብር ትንሽ ገንዘብ ነው። አንቀጹ ሳይነካ የብሩ ዋጋ እየወረደ መጥቶ፣ በቃል የሚኖረውን የገጠር ብድር በሙሉ ማለት ይቻላል ከምስክር አራቀው። ይህ ለእኔ ከባድ በደል ነው፤ መጠኑ መሻሻል አለበት። የሚጎዳው አታላዩ ሳይሆን ያመነው ሰው ነውና።

በወንጀል ነገሩ ሌላ ነው። ድሮ ከብት ሲጠፋ ወይም ሰው ሲገደል አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። ሕዝቡ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ይቀመጣል፤ እርሻው ይቆማል፣ ከብቱ እረኛ ያጣል። ሸክሙ በመንደሩ ሁሉ ጫንቃ ላይ ነበር። ዛሬ ያ ሸክም የዐቃቤ ሕግ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ እንደሚገመት፣ በራሱ ላይም እንዲመሰክር እንደማይገደድ ደንግጓል። እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ላይ በበሬ ስርቆት የተከሰሰ ሰው "አላደረግሁም" ብሎ ዝም ቢል መብቱ ነው። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ካልበቃ፣ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 141 መሠረት መከላከያ ሳይጠየቅ በነፃ ይሰናበታል። ከበቃ ግን "ይከላከል" የሚል ብይን ይሰጣል። ብይኑ ጥፋተኛ ነህ ማለት አይደለም፤ ብዙ ቤተሰብ ግን ይህችን ቃል ሲሰማ ፍርዱ ያለቀ መስሎት ያለቅሳል።

ወደ ገበሬው እንመለስ። ወረቀት የለውም፤ ሽማግሌዎቹም አይበቁትም። ሕጉ የተወለት በር መሐላ ነው። ተበዳሪው በችሎት ቆሞ እንዲምልለት ሊጠይቅ ይችላል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሐሰት መሐላ ለልጅ ይተርፋል ብሎ የሚፈራ ሰው ዛሬም ብዙ ነው። አበልጅነቱም ቢሆን የጀመረው ልጁ ክርስትና በተነሣበት ዕለት፣ በመስቀል ፊት ነው።