በልጆቻችን ቦርሳ ያለው መጽሐፍ ምን ይላል?

 

ዛሬ የምናወራው ልጆቻችን ይዘውት ስለሚመላለሱት መጽሐፍ ነው። በጀሞ፣ በጎፋ፣ በመካኒሳ፣ በላፍቶ ያላችሁ ወላጆች፣ «የተማሪ መጽሐፍ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» አትበሉ። ፊደል ለይታችኋልና ይጠቅማችኋል።

መጽሐፉ ከመምህሩ ሐሳብ ብቻ የወጣ አይደለም። መጀመሪያ ሥርዓተ ትምህርት ይወጣል። ይህም ልጅ በየክፍሉ ምን ማወቅ እንዳለበት የሚወስን ዕቅድ ነው። አጠቃላዩን ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣል። በከተማችን የአንደኛ ደረጃውን መጽሐፍ የአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ያዘጋጃል። ከተማሪው መጽሐፍ ጋር የመምህር መምሪያ አለ፤ ትምህርቱ እንዴት እንደሚሰጥ ለመምህሩ ይነግረዋል። (መምሪያውን ሳይገልጥ የሚያስተምር መምህርም አይጠፋም፤ የባልደረቦቼን ገመና አወጣ እንዳትሉኝ።)

በ2002 ዓ.ም. በአገራችን የንባብ ፈተና ተደርጎ ነበር። የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች አንድ በአንድ እየተጠሩ አጭር ጽሑፍ እንዲያነቡ ተጠየቁ። ከ2ኛ ክፍሎቹ ጥቂት የማይባሉት አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አቃታቸው። ሁለት ዓመት ተመላልሰው እኮ ነው!

እንዴት ሳይታወቅ ቀረ? ልጅ ሀ ሁን በዜማ ስለዘለቀ አነበበ ማለት አይደለም። ገጹን ብትሸፍኑበትም «ያነበዋል»። በቃሉ ይዞታላ! እናንተም ፊደል ስትቆጥሩ ይህን አይታችኋል። እውነቱን ለማወቅ ከመስመሩ መካከል አንዲት ቃል በጣታችሁ ነክታችሁ «ይቺ ምን ትላለች?» በሉት።

ከዚያ ፈተና በኋላ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት በ7 ቋንቋዎች እንደ አዲስ ተጻፉ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ዋለ፤ አንደኛ ደረጃም እስከ 6ኛ ክፍል ሆነ፤ መጻሕፍቱም እንደገና ተለወጡ። ስለዚህ የታላቅየውን መጽሐፍ ለታናሽየው ከመስጠታችሁ በፊት የታተመበትን ዓመት አንብቡ። ከ2015 በፊት ከሆነ ክፍል ውስጥ ከሚሰጠው ትምህርት ጋር ላይገጥም ይችላል።

አሁን የአማርኛውን መጽሐፍ ግለጡ። ምዕራፉ ሲጀምር ልጁ በመጨረሻ ምን መቻል እንዳለበት በጥቂት መስመሮች ተጽፏል። ለምሳሌ አጭር ምንባብ አንብቦ ጥያቄ መመለስ ሊሆን ይችላል። ምዕራፉ ሲያልቅ ልጁን በዚያው ጠይቁት። ካቃተው መጽሐፉን ይዛችሁ መምህሩ ዘንድ ሂዱ። «ልጄ እንዴት ነው?» ካላችሁት፣ «ደህና ነው» ብሎ ይሸኛችኋል። መስመሩን በጣታችሁ እያሳያችሁ «ይህን አልቻለም፤ ምን እናድርግ?» በሉት።