የእግር ቁርጥማት ሁሉ ብርድ አይደለም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።


የመንዝ ጓሳን ብርድ የቀመሰው ያውቀዋል። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚያ ደጋ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ከይፋት ቆላ ወጥቶ እዚያ ያደረ ሰው ጠዋት እግሩን ሲያመው «ብርድ መታኝ» ይላል፤ ቅቤ ይታሻል፤ ወጌሻ ይጠራል። ብርድ ሕመምን ማባባሱ እውነት ነው። ነገር ግን ብርድ የማያመጣው፣ እሳት መሞቅም የማያድነው የቁርጥማት ዓይነት አለ። ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይቲስ ይሉታል።

ይህ በሽታ የሚመጣው ሰውነታችንን ከተሕዋስያን የሚጠብቀው የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሳችንን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ ነው። የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን ያብጣል፤ ሳይታከም ከቆየም አጥንቱን ይጎዳል። ደጋና ቆላ አይለይም። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያበዛል።

በብዙዎች ላይ ከእጅና ከእግር ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ይጀምራል። ሰጋጅ ሰው ቶሎ ሊያስተውለው ይችላል። በተሸሁድ ስንቀመጥ ቀኝ እግራችንን አቁመን ጣቶቹን ወደ ቂብላ እናጥፋለን። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው ይህንኑ የሚታጠፈውን ስፍራ ነው። ጣቶቹ አልታጠፍ ካሉ፣ ሲራመዱ ጠጠር የመርገጥ ያህል ከተሰማ፣ ጠዋት እግር ደርቆ ሳይፍታታ አንድ ሰዓት ያህል ከቆየ፣ እብጠቱም በሁለቱም እግር ሆኖ ሳምንታት ካለፈው «ብርድ ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም። አንዱ አውራ ጣት ብቻ በድንገት ቀልቶ ሲያብጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ በሽታ፣ ሪህ ነው።

በመሐል ሜዳም ሆነ በደብረ ብርሃን ሆስፒታል ቶሎ መታየት ያስፈልጋል። የተቆለመመ ጣት በመድኃኒት አይቃናም፤ በጊዜ የተጀመረ ሕክምና ግን እንዳይቆለመም ይረዳል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመሙን ያስታግሳሉ እንጂ በሽታውን አያቆሙም፤ በባዶ ሆድ ሲወሰዱም ጨጓራን ይጎዳሉ። በሽታውን የሚገታው ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ መውሰድ ለሕይወት ያሰጋል፤ ለነፍሰ ጡርም ክልክል ነው። ያበጠ እግርን ወጌሻ እንዲጠመዝዘው አትፍቀዱ። ጫማችሁም ጣት የማይጨቁን፣ ሰፊና ለስላሳ ይሁን።

ኢባዳን በተመለከተ ዲናችን ገር ነው። ለዉዱእ ውሃ ማሞቅ ይቻላል። በዉዱእ ላይ ሆኖ ኹፍ ያጠለቀ ሰው በአገሩ አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ በጉዞ ሦስት ቀን ከነሌሊቶቹ ያብስበታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለታመመው ሰሐባ ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን ቆሞ መስገድ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካቃተው በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ አስተምረውታል። ስለዚህ እናታችን ወይም አባታችን በወንበር ሲሰግዱ አይፈሩ፤ እኛም አናሳፍራቸው። ረመዷን ሳይገባ ደግሞ የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪም፣ የጾሙን ነገር ከዓሊም እንጠይቅላቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) ለሕሙማኖቻችን ሺፋውን ይላክልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።