ከቅኔ ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲ፦ የክርስቲያን ከፍተኛ ትምህርት ፈተና በዓለማዊ ዘመን

በጎጃም ከፍተኛ ትምህርት ሲባል በ1999 ዓ.ም ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ትዝ ይለን ይሆናል። ነገር ግን ምድሪቱ ከፍተኛ ትምህርትን የምታውቀው ከዚያ እጅግ አስቀድማ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስና ዋሸራ በቅኔ ጉባኤያቸው የታወቁ ናቸው። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ከየአገሩ እየመጣ ዜማ፣ ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ይማርባቸው ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በዚህ መንገድ አልፈዋል፤ በ1958 ዓ.ም ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የቅኔ ተማሪውን ሕይወት ተርከውታል።

እኛ ወንጌላውያን ከዚያ ጉባኤ ጋር በትምህርተ ሃይማኖት የማንስማማበት ብዙ ነገር አለ። ሆኖም ሰዋስውና ጸሎት፣ ዕውቀትና እምነት በአንድ መምህር እግር ሥር አብረው ይኖሩ እንደነበር ልብ ማለት ይገባል።

ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ግን የተወለደው ተለያይተው ነው። በ1963 የተቋቋመ አይደለም እንጂ፣ በ1943 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በኢየሱሳውያኑ ካህን በሉሲየን ማት ይመራ ነበር፤ ካህናቱ ግን የክህነት ልብሳቸውን ትተው፣ ሃይማኖት ሳይሰብኩ ነበር የሚያስተምሩት። እ.ኤ.አ. በ1636 የተመሠረተው ሃርቫርድ አገልጋዮችን ለማሠልጠን ተጀምሮ ቀስ በቀስ ዓለማዊ ሆነ፤ የእኛው ከመነሻው እንዲሁ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ደነገገ።

ይህ ሕግ ጠላታችን አይደለም። በጎጃም ወንጌላውያን ጥቂት ነን፤ ዩኒቨርሲቲው ሃይማኖት ቢኖረው ኖሮ የእኛ እንደማይሆን የታወቀ ነው። አንቀጽ 27ም አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል።

ታዲያ ፈተናው የት ላይ ነው? ደብረ ማርቆስ የገባ ወንጌላዊ ተማሪ ከሁለት ወገን ይጠየቃል። የመኝታ ክፍል ጓደኛው ስለ ቅዱሳን አማላጅነት ይጠይቀዋል፤ ለዚህ አጥቢያው አዘጋጅታዋለች። በትምህርት ክፍል ደግሞ ሃይማኖት የኅብረተሰብ ውጤት ብቻ እንደሆነ፣ ሕይወትም ያለ ፈጣሪ እንደሚብራራ ያነባል። ለዚህኛው ማንም አላዘጋጀውም። ብዙዎች ታዲያ እሑድ በአንድ አእምሮ፣ ሰኞ በሌላ አእምሮ መኖርን ይለምዳሉ። አንዳንዱ እሑዱን ይተዋል።

እውነቱን ለመናገር ይህን ክፍፍል እኛም አግዘነዋል። ሰባኪውን እ.ኤ.አ. በ1960 እንደተመሠረተው መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ወዳሉ ተቋማት፣ መሐንዲሱንና ነርሷን ወደ ዩኒቨርሲቲ ላክን፤ ሁለቱ ግን ተገናኝተው አይነጋገሩም። ዳንኤል የከለዳውያንን ትምህርት ጠንቅቆ ተምሮ በጸሎቱም ጸና (ዳን. 1 እና 6)። እኛ ከሁለቱ አንዱን የመረጥን ይመስላል።

«የራሳችንን ዩኒቨርሲቲ እንክፈት» የሚሉ አሉ፤ አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ቤተ ሙከራና መምህር ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ክፍያው ሲከብድ የገበሬው ልጅ ይቀራል። ወጪውን ለመሸፈን የሒሳብ አያያዝና የኮምፒዩተር ክፍሎች ሲሰፉ ደግሞ ነገረ መለኮቱ ወደ ጥግ ሊገፋ ይችላል።

ስለዚህ ለጎጃም ቅርብ የሚመስለኝ መንገድ የተማሪዎች ኅብረት ነው፤ ኢቫሱ በየዩኒቨርሲቲው የሚያገለግለው በዚህ ነው። ዝማሬና ጸሎት አለ፤ የጎደለው ጥናት ነው። አንድ የባዮሎጂ መምህር፣ ነገረ መለኮት የተማረ አንድ አገልጋይና አሥር ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአጥቢያው አዳራሽ ተቀምጠው በክፍል የተነሣውን ጥያቄ እንደተነሣ ቢመረምሩት፣ ለመጀመር ይበቃል።